በሬው የማንን መሬት አረሰ?

ስለ ሥነ ምግባርና ስለ አመራር ለአዳዲስ ፖሊሶች ትምህርት እንድሰጥ ደብረ ታቦር ሲጠሩኝ፣ አዘጋጆቹ ተጠርዞ የመጣ ጽሑፍ ይሰጡኛል። ተቀብዬ አመሰግናለሁ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውና ስለ አንድ ዳልቻ በሬ ማውራት እጀምራለሁ። ልጆቹ መጀመሪያ ይሳሳቃሉ፤ ከኋላ የተቀመጡት "ደግሞ የምን በሬ ነው?" እየተባባሉ ይጠቃቀሳሉ። ይሳቁ፣ ግድ የለም። ይህን ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቼዋለሁ፤ የቱ ነገር ሰው ልብ ውስጥ እንደሚቀር፣ የቱ ደግሞ በሻይ ሰዓት እንደሚረሳ አውቃለሁ።

ነገሩ የሆነው ከገሳይ ብዙም በማትርቅ አንዲት ትንሽ ከተማ የፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ ሳለሁ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቹ ዛሬም እዚያው አሉ። ኢንስፔክተር ነበርኩ፣ ቁጣዬም ቅርብ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን "ሴት አዛዥ መጣችብን" እያሉ ሲያሽሟጥጡ የነበሩት ፖሊሶች፣ ወር ሳይሞላ ጫማቸውን ወልውለው በሰዓቱ መግባት ጀመሩ። አርፍዶ የመጣ እኔን በር ላይ ያገኘኛል። ከተከሳሽ ጋር ሻይ ሲጠጣ የታየ ፖሊስ ደግሞ ያን ቀን መፈጠሩን ይጠላል።

በተለይ የምኮራው በኤግዚቢት አያያዜ ነበር። ከሌባ እጅ የተገኘ ነገር ሁሉ፣ በግም ይሁን ስልክ ወይም የጤፍ ጆንያ፣ ለፍርድ ቤት ማስረጃ እንዲሆን ጣቢያው ውስጥ ይቀመጣል፤ ኤግዚቢት የምንለው እሱን ነው። ቀድሞ በሠራሁበት ጣቢያ የተሰረቀች በቅሎ ለባለቤቷ ቶሎ ተመልሳለት፣ እሱም ወስዶ ሸጧት፣ ማስረጃ ጠፋ ተብሎ ሌባው እየሳቀ ሲወጣ አይቻለሁ። ያ ሳቅ አንጀቴን አሳርሮት ነበር። ስለዚህ እኔ ባለሁበት ጣቢያ ፍርድ ቤት ሳይፈርድ ኤግዚቢት ለማንም አይመለስም ብዬ ደነገግሁ። አለቀ፣ ደቀቀ።

ታዲያ በግንቦት መጀመሪያ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት እናት ዳልቻ በሬያቸው ከበረት ተሰረቀባቸው። በሦስተኛው ቀን መርማሪዎቼ ሌባውን በሬውን እየነዳ ወደ ገበያ ሲወርድ መንገድ ላይ ያዙት። ሦስት ቀን! ደስታዬን አልቻልኩትም። ለአለቆቼ ደውዬ አወራሁ፣ መርማሪዎቹን ምሳ ጋበዝኩ፣ እግረ መንገዴንም ራሴን በደንብ አሞገስኩ።

ባለበሬዋ በማግስቱ መጡ። ስድሳ ዓመት ግድም የሆናቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ በትር የያዙ ሴት ናቸው። ከቀዬያቸው እስከ እኛ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። በሬውን ሲያዩ ግንባሩን ሳሙት፣ ቀጥለው መሬቱን ሳሙ፣ ከዚያ ገመዱን ሊፈቱ ጎንበስ አሉ።

"አይ እናቴ፣ አሁን አይሄድም" አልኳቸው።

"ለምን? የእኔ መሆኑ ጠፋችሁ?"

"አልጠፋንም። ማስረጃ ስለሆነ ነው። ፍርድ ቤት እስኪወስን እዚህ ይቆያል።"

"እስከ መቼ?"

"ቀጠሮው እስኪደርስ።"

ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። "ዝናቡስ? እሱም ቀጠሮ ይጠብቅልኛል?"

ያላቸው በሬ እሱ ብቻ ነበር። በእኛ አገር አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው እንደሱው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ሁለቱን በሬዎች ጠምደው ተራ በተራ የሁለቱንም መሬት ያርሱባቸዋል። መቀናጆ እንለዋለን። የእኚህ እናት መሬት የሚታረሰው በዚህ መንገድ ነበር፤ አብሯቸው የሚጠምደው አቀናጃቸው የቅርብ ጎረቤታቸው ሲሆን እርፉን የሚይዘውም እሱ ነው። በሬው ለገብስ ዘር ካልደረሰ መሬታቸው ወይ ጦም ያድራል፣ ወይ ለሌላ አራሽ ተሰጥቶ ምርቱ ለሁለት ይከፈላል። ይህን ሁሉ ረጋ ብለው አስረዱኝ። እኔ ደግሞ የገበሬ ልጅ ሆኜ፣ ሳይነግሩኝም እያወቅሁት፣ "ምን ይደረግ እናቴ፣ ሕግ ነው" ብዬ ሸኘኋቸው።

ውሸቴን ነበር። ሕጉ መንገድ አለው። በሬውን ፎቶ አንስቶ፣ ምልክቱን መዝግቦ፣ ዋስ አስጠርቶ፣ በዐቃቤ ሕግ በኩል ፍርድ ቤት ጠይቆ ለባለቤቱ መመለስ ይቻላል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን የራሴን ደንብ ከሕጉ አስበልጬ ይዤ ነበር። ትዕቢት ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም።

በሬ ደግሞ እንደ ስልክ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት አይረሳም፤ ይበላል፣ ይጠጣል። ለጣቢያችን በሚመጣው በጀት ውስጥ ድርቆሽ የሚባል ነገር የለም። የኤግዚቢት ኃላፊው ጡረታ የቀረባቸው አንድ ሳጅን ነበሩና፣ "ኢንስፔክተር፣ የሚስቴ ወንድም እዚሁ ከጣቢያው ጀርባ ነው ያለ። ቀን ቀን ወስዶ ይቀልበዋል፣ ሲመሽ ግቢ ያስገባዋል" አሉኝ። እፎይ አልኩ። "ለጥበቃና ለቀለብ" የሚል ወረቀት ተጽፎ መጣ፤ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ደርቤ ፈረምኩበት።

ባለበሬዋ በየገበያው ቀን መምጣት ጀመሩ። የገበያ ቀን ቀላቢው ገበያ ስለሚወጣ በሬው ግቢያችን ይውላል። አይለምኑኝም፣ አያለቅሱም። ገብተው አጠገቡ ይቀመጣሉ፣ ጀርባውን ያሻሹለታል፣ ትንሽ ቆይተው ይሄዳሉ። እኔም "እንደምን ዋሉ?" ብዬ አልፋለሁ። አንድ ቀን ወንበር አስወጣሁላቸው፤ በዚያችው ደግ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በአራተኛው ገበያ ግን ቢሮዬ በር ላይ መጥተው ቆሙ። "ልጄ፣ እስቲ ነይ" አሉኝ። ተከትያቸው ሄድኩ።

"እጅሽን አምጪ።" እጄን ይዘው በሬው ጫንቃ ላይ፣ ቀንበር የሚያርፍበት ቦታ ላይ አኖሩት። ፀጉሩ ተልጧል። ቆዳው ትኩስ ነው፣ እብጠትም አለው። ወደ ታች ሳይ ሰኮናው መሀል ጭቃ ደርቋል።

"ይህ በሬ ትናንት ሲያርስ ነው የዋለው" አሉኝ።

ክው አልኩ።

"የእኔ መሬት ጦም እያደረ፣ በሬዬ የማንን መሬት ሲያርስ ከረመ?"

አልጮኹም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለጩኸት መልስ አላጣም። በዚያው በተረጋጋ ድምፅ የባሰውን ነገሩኝ። ለካ አቀናጃቸው ባለፈው ሳምንት በጣቢያው ጀርባ በኩል ሲያልፍ ዳልቻውን በሬ በሰው ማሳ ላይ ተጠምዶ አይቶታል። እሳቸው በሬውን ለሌላ ሰው አከራይተው "ተሰረቅሁ" እያሉ የሚያለቅሱ መሰለው። ሄዶ ከሌላ ሰው ጋር ተቀናጀ፤ ወሬውም በቀዬው ሁሉ ተዛመተ። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ሴቶቹ ወሬ ያቋርጣሉ።

"በስድሳ ዓመቴ ውሸታም ተባልኩ" አሉኝ። "ችሎት መጥተሽ መስክሪ ብላችሁኛል። ለማን ብዬ ነው የምመሰክረው? ሌባው የወሰደው ሦስት ቀን ነው። እናንተ ይኸው ወር ልትሞሉ ነው።"

በትራቸውን አነሱና ሄዱ። እኔ እዚያው በሬው አጠገብ ተገትሬ ቀረሁ። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። ከዚያ እፍረቴ ወደ ቁጣ ተለወጠና ሳጅኑን አስጠርቼ እንደ ጉድ ጮኽሁባቸው። እኚህ ትልቅ ሰው እስክጨርስ ጠብቀው፣ "ኢንስፔክተር፣ በሬ የቀለበ ሰው እንደሚያርስበት ይጠፋዎታል? የገበሬ ልጅ አይደሉም እንዴ?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በእኛ ዘንድ በሬ የሌለው ሰው የሌላውን በሬ ቀልቦ ያርስበታል፤ ሳይነገር የታወቀ ነገር ነው። አባቴም እንዲያ ሲያደርግ አይቻለሁ። የሳጅኑ የሚስት ወንድም ተጠርቶ ሲመጣ ጭራሽ ግራ ገብቶት ነበር። "ድርቆሽ ከልጆቼ በላይ ተጨንቄ ነው ያበላሁት። በሉ እዩት፣ ከስቷል? አረስኩበት እንጂ ሌላ ምን አደረግሁ?" አለ። ደግሞም አልከሳም። ሰውዬው አልዋሸም፣ አልደበቀም፤ በጠራራ ፀሐይ ነው ያረሰው። ማንም ሊጠይቅ ይችል ነበር። ከሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረብኝ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነበርኩ።

ምክትሌ በሩን ዘግቶ ገባ። በአንድ ዘመን የሠለጠንን ስለሆንን ሰው ከሌለ "አንቺ፣ አንተ" ነበር የምንባባለው።

"ስሚኝ" አለ፤ "በሬውን ቶሎ እንመልስላት። ሁለት ሽማግሌ እንላክና ያግባቧት። መዝገብ ላይ ግን ምንም አይግባ። ያንቺ ዕድገት ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው፤ በገዛ እጅሽ ልታበላሺው ነው?"

አልዋሽም፤ አማለለኝ። ዕድገቱን እፈልገው ነበር፣ ይገባኝም ነበር። ሽማግሌ መላክ ደግሞ የሚያስነውር ነገር አይደለም፤ አገሩ የሚተዳደርበት ነው። እሳቸውም እምቢ እንደማይሉ አውቃለሁ፤ ሽማግሌ እግራቸው ላይ ከወደቀ ምን ይላሉ? ይቅር ይላሉ። በሬው ይመለሳል፣ እኔም አድጌ ወደ ደብረ ታቦር እዛወራለሁ፣ እሳቸው ግን በቀዬያቸው ውሸታም እንደተባሉ ይቀራሉ። ፊቴን ልጠርግ እጄን ሳነሳ በሬ በሬ ሸተተኝ። ይህን ያደረገው አንድ ኮንስታብል ቢሆን ኖሮ ምን እንደማደርገው አሰብኩ። በቁሙ ነበር የምጠብሰው።

ወረቀት አወጣሁና ለአለቆቼ ሪፖርት መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው መስመር "በእኔ ፊርማ" የሚል ነበር። የሳጅኑ ስም ከእኔ ስም ቀጥሎ ገባ።

"አንቺ ሴት፣ አብደሻል?" አለኝ ምክትሌ።

"ተወኝ ባክህ። ይልቅ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ አምጣልኝ።"

ዕድገቱ በዚያ ዓመት አልመጣም። ቆጨኝ፤ አልቆጨኝም የሚል ፖሊስ ካለ እንዳታምኑት። ሳጅኑ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አላናገሩኝም፤ ልጃቸውን ሲድሩም አልጠሩኝም። ያም ቆጭቶኛል። ሆኖም ያን ወረቀት ዛሬ ጻፊ ብባል አንድ ቃል አልቀይርም።

በማግስቱ ጠዋት በባጃጅ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሄድኩ። የበሬውን ፎቶ፣ በጆሮው ላይ ያለውን የባለቤቷን ምልክት፣ በሬውን የሚያውቁ ምስክሮችንና የዋሱን ቃል አቀረብን። በሁለተኛው ቀን ፍርድ ቤቱ በሬው ለባለቤቷ ይመለስ አለ። ሁለት ቀን! ወር ሙሉ "አይቻልም" ስል የከረምኩት ነገር ሁለት ቀን ብቻ ነበር የሚፈልገው። ከችሎት ስወጣ ራሴን በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ።

ባለበሬዋን አስጠራሁ። ቢሮዬ አስገብቼ፣ ከጠረጴዛዬ ኋላ ተነስቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ትዕዛዙን አነበብኩላቸው። ከዚያ ያን ሁሉ ሳምንት አንዳችንም ያልጠየቅናቸውን ጠየቅኋቸው። "እናቴ፣ ምን እናድርግልዎ? አንቱ የሚፈልጉት ምንድን ነው?"

ካሳ ይላሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ወይም ያ ያረሰበት ሰው ይታሰርልኝ ይላሉ ብዬ።

"በሬዬን ሰጠሽኝ፤ ደግ አደረግሽ። ስሜንስ ማን ይመልስልኛል?" አሉ። "ሰው አምኖኝ ካልተቀናጀኝ አንድ በሬ ምን ያደርግልኛል? ቆሞ ይበላ እንደሆን እንጂ።"

"ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ። ማኅተም አድርጌበት ለቀበሌው..."

ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። "ማኅተም ማን አንብቦልኝ? ያሙኝ በአፋቸው ነው። አንቺም በአፍሽ ንገሪልኝ። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ነይ፤ የፖሊስ ልብስሽን ለብሰሽ። በሬዬ የት እንደነበረ ሕዝቡ ፊት ተናገሪ።"

ስብሰባ አልፈራም፤ ባለሥልጣን ፊትም ተናግሬ አውቃለሁ። ይህ ግን ሌላ ነው። "እሺ" አልኳቸው። በሬያቸውን ይዘው ወጡ፤ በሩን እኔው ራሴ ከፈትኩላቸው።

እሑድ ገና በጠዋት ተነሳሁ። ምክትሌ መኪናውን አስነስቶ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። "ሥራ የለህም እንዴ?" ስለው፣ "ብቻሽን ስትዋረጂማ አላይም፤ ዝም ብለሽ ግቢ" አለኝ። መኪናው እስከሚደርስበት ሄድን፣ ከዚያ አቀበቱን በእግር ወጣን። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ከቅጥሩ ውጭ ካለው ዛፍ ሥር ሲሰበሰብ ደረስን። ባለበሬዋ ከሴቶቹ ነጠል ብለው ቆመዋል። ቄሱን ቀድሜ አነጋግሬያቸው ስለነበር፣ "እስቲ ይህችን ልጅ ስሟት" ብለው ቦታውን ለቀቁልኝ።

ቆቤን አወለቅሁ።

"የእኚህ እናት በሬ ተሰርቆ ነበር" አልኩ። "በሦስተኛው ቀን ሌባውን ይዘን በሬውን አገኘነው። ያኔውኑ ልመልስላቸው ስችል አልመለስኩም። በእኔ ፊርማ ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ ታረሰበትም። በሰው ማሳ ላይ ያያችሁት በሬ እሱ ነው። እሳቸው አላከራዩትም። አልዋሹም። ያያችሁት ጥፋት የእኔ ነው፤ ይቅርታ ልጠይቃቸው ነው የመጣሁት።"

ከወንዶቹ መሀል አንዱ፣ "ፖሊስ ጥፋቴ ነው አለች?" ሲል ሰማሁት፤ ጎኑ ያለው በክርኑ ጎሸመው።

ባለበሬዋ እኔን አልተመለከቱም። የሚያዩት አንድ በእኔ ዕድሜ የሚሆን፣ ጋቢ የለበሰ ሰው ነበር። አቀናጃቸው እሱ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ።

"ሰማህ?" አሉት።

"ሰማሁ።"

"በዓይንህ አየህ። እውነትህን ነው፣ አይተሃል። ግን ደጄ መጥተህ 'ምንድን ነው ይሄ ነገር?' አላልከኝም። በጓሮህና በጓሮዬ መሀል አንድ አጥር ነው ያለው። እሷስ ከስንት አገር መጣች።"

ሰውዬው መሬት መሬት አየ። ከዚያ ሄዶ ከቅጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አነሳ፣ ጫንቃው ላይ አደረገው፣ እየተራመደ መጥቶ እፊታቸው ጎንበስ አለ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምነው እንዲህ ነው፤ የተበደለው እስኪያወርድለት ድረስ ድንጋዩን እንደተሸከመ ይቆያል። "ይቅር ይበሉኝ እናቴ" አለ።

ወዲያው አላወረዱለትም። ቆሙ፣ አዩት። ሴቶቹም አብረው ቆሙ። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እምቢ ሊሉ ነው ብዬ ፈራሁ። እምቢ ቢሉ ደግሞ እውነታቸው ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በትራቸውን አጠገባቸው ለቆመችው ሴት አቀበሉና፣ በሁለት እጃቸው ድንጋዩን አንስተው መሬት አኖሩት።

"እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ" አሉት። "በል ነገ በጠዋት በሬህን ይዘህ ና። ገብሱ እያለፈብን ነው።"

ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ አለቀስኩ፤ የደንብ ልብሴን እንደለበስኩ፣ ሕዝብ ፊት፣ ምክትሌ እያየኝ። አላፈርኩም። ዓይኔን ጠረግ ጠረግ አድርጌ ወደ ቅጥሩ ሄድኩና ለእኔ የሚሆን ድንጋይ ላነሳ ጎንበስ አልኩ።

ክንዴን የያዘኝ የእሳቸው እጅ ነበር።

"አንቺ ተይ" አሉኝ። "አንቺ ቆብሽን አድርጊ። ሌባዬ ገና አልተፈረደበትም። የምመሰክርበት ቀን መቼ ነው?"

ቆቤን አድርጌ ቀኑን ነገርኳቸው።